ስፋትና ስፍራ

ለዲጂታል ካሜራው ዋይድ ሌንስ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ስንት ያስገባል?» ሻጩም በሚሊሜትር ይመልስለታል። በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 47 ዲግሪ ያህል ያያል፤ 24ቱ 84፣ 14ቱ ደግሞ 114 ዲግሪ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ዓለም ይበዛል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ጥያቄው የገበያ ይምሰል እንጂ ከሥሩ አንድ የቆየ እምነት አለ፤ ብዙ ያየ ሰው የበለጠ እውነት አይቷል የሚል። ዳኛን፣ የታሪክ ጸሐፊን፣ ጋዜጠኛን ስናመሰግን የምንጠቀምበትም ይኸው እምነት ነው፤ ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ አይቶታል እንላለን። የእኔ ክርክር ግን ዋይድ ሌንስ ለዚህ እምነት ሊመሰክር ቢጠራ በእምነቱ ላይ ይመሰክርበታል የሚል ነው። ዕይታ ስለሰፋ ተመልካች ከቆመበት ቦታ ነጻ አይወጣም፤ እንዲያውም ቦታው በምስሉ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ዋይድ ሌንስ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው የሚያየውን ብዛት ሳይሆን የሚቆምበትን ስፍራ ነው፤ የሚጠየቅበትም እሱው ነው።

ማስረጃው ከጂኦሜትሪ ይጀምራል። ዋይድ ሌንስ የቅርቡን ያገዝፋል፣ የሩቁን ያኮስሳል ሲባል እንሰማለን። ሌንሱ ግን ይህን አያደርግም። ካሜራውን በትሪፖድ ላይ አቁሞ፣ ሳያንቀሳቅሱት አንድ ጊዜ በ24፣ አንድ ጊዜ በ50 ሚሊሜትር ማንሳት፣ ከዚያም የ24ቱን መሐል ቆርጦ ከ50ው ጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ዛፉ ከቤቱ፣ ቤቱም ከተራራው ጋር ያለው የመጠን ዝምድና በሁለቱም ፎቶዎች ላይ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ የሚለያዩት በጥራት ብቻ ነው። ዝምድናውን የወሰነው ካሜራው የቆመበት ነጥብ ነውና። የሰውን ፊት እንውሰድ። የአፍንጫ ጫፍ ጆሮን በ12 ሳንቲ ሜትር ይቀድማል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ከጆሮው 42 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር ከልኩ በ40 በመቶ ገዝፎ ይወጣል ማለት ነው። ካሜራው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቢያፈገፍግ ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። በስልኩ ራሱን አንስቶ በአፍንጫው ያዘነ ሰው ሌንሱን ይራገማል፤ ጥፋቱ ግን የክንዱ ማጠር ነው። ሌንሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ያን ያህል ተጠግቶም ፊቱ ከፍሬሙ እንዳይወጣ መፍቀድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። መሐሉስ እንዲህ ይሁን፣ ዳር ዳሩስ? በሠርግ ፎቶ ጫፍ ላይ የቆመች ሚዜ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ተስቦ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ ትገኛለች። ይህ የዓይን ስሕተት አይደለም፤ ሊሰላ ይችላል። ቀጥ ያለን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ 24 ሚሊሜትር ሌንስ በፍሬሙ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለን ድቡልቡል ነገር ወርዱን ከቁመቱ በሩብ ያስበልጠዋል፤ 14 ሚሊሜትር ከሆነ ከ60 በመቶ በላይ። 50 ሚሊሜትር ግን 6 በመቶ ገደማ ላይ ያቆማል። እንግዲህ ለሰው ዓይን የሚቀርበው 50 ሚሊሜትር እውነተኛ ነው፣ ዋይዱ ውሸታም ነው ይላል ተቃዋሚው። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ግን ፎቶ ራሱ የሚታየውም ከአንድ ቦታ ሆኖ መሆኑን ይዘነጋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የፍሎረንስን ቤተ ጥምቀት ከካቴድራሉ በር ሆኖ እንደሚታይ አድርጎ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሣለ። ሥዕሉን ግን ማንም በፈለገበት ቆሞ እንዲያየው አልተወም። ሰሌዳውን በስቶ፣ ተመልካቹ በሥዕሉ ጀርባ ሆኖ በቀዳዳው እያጮለቀ፣ ከፊት ለፊት በተያዘ መስታወት ውስጥ እንዲያየው አደረገ። የፐርስፔክቲቭን ጥበብ ካስጀመሩት አንዱ ገና ከጅምሩ የገባው ነገር ነበር፤ ሥዕሉ ከእውነቱ ጋር የሚገጥመው ዓይን በልኩ ቦታ ሲቀመጥ ነው። ለፎቶም ሕጉ ያው ነው። በ20 ሚሊሜትር የተነሳ ፎቶ አሥር እጥፍ አድጎ 36 በ24 ሳንቲ ሜትር ቢታተም፣ ትክክለኛው መመልከቻ ከወረቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ላይ ሆኖ በአንድ ዓይን ለሚያይ ሰው ጠርዙ በሰያፍ ስለሚታየው የተለጠጠው ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ሚዜዋም መልኳን ታገኛለች።

ይህ ያልተዋጠለት ሰው ፈጽሞ የማያዛባ ሰፊ ሌንስ ይፈልግ ይሆናል፤ አያገኝም። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያቀረበው የሒሳብ ማረጋገጫ የሉልን ገጽ ሳይለጥጡ ወይም ሳይጨምቁ በጠፍጣፋ ላይ መዘርጋት እንደማይቻል አሳይቷል፤ የካርታ ሠሪዎች ራስ ምታት ከዚያው የመነጨ ነው። በዙሪያችን ያለው ዕይታ ሉል ነው፣ ሴንሰሩ ጠፍጣፋ። የተለመደው ዋይድ ሌንስ መስመሩን አክብሮ ክቡን ይለጥጣል፤ ፊሽ አይ የሚባለው ደግሞ ክቡን በተሻለ ጠብቆ ምሰሶውን ያጎብጣል። ጠባብ ሌንስም ከዚህ ሕግ አላመለጠም፤ ከሉሉ ላይ ትንሽ ቁራጭ ስለሚወስድ ጥፋቱ አይታወቅበትም እንጂ። ስለዚህ መራጩ በእውነትና በሐሰት መካከል የቆመ አይደለም። የሚመርጠው የቱን ጠብቆ የቱን እንደሚሠዋ ነው፤ ሕንፃ የሚያነሳው መስመሩን ይጠብቃል፣ ሰው የሚያነሳው ሰዎቹን ከጠርዝ ያርቃል።

ተቃዋሚው ግን ገና አልተረታም። ፎቶን በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ፣ ያውም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማን ያያል? ያው የ20 ሚሊሜትር ፎቶ በስልክ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይዞ ሲወጣ ትክክለኛው መመልከቻ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ርቀት የአዋቂ ሰው ዓይን አጥርቶ አያይም። ስልካችንን የምንይዘው ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አርቀን ነው። ይህ ነጥብ ትክክል ነው፤ ክርክሩንም ከጂኦሜትሪ ወደ ሥነ ምግባር ያሻግረዋል። ሌንሱ ነጻ ቢወጣም አንሺው ነጻ አልወጣም። ፎቶው ከልኩ ቦታ ርቆ እንደሚታይ ያውቃል፤ ርቆ ሲታይም ጥልቀቱ እንደሚረዝም፣ ጠባብ ክፍል አዳራሽ እንደሚመስል ያውቃል። የሚሸጥና የሚከራይ ቤት ለምን በ16 ሚሊሜትር አካባቢ እንደሚነሳ ምሥጢር አይደለም። በፎቶው ላይ የተጨመረ ጡብ የለም፣ የተነካ መስመርም የለም፤ ቤቱን ሊያይ የሄደው ሰው ግን አልጋው ከገባ በሩ የማይዘጋ መኝታ ቤት ይጠብቀዋል። እውነት የምስሉ የራሱ ባሕርይ ብቻ ብትሆን ኖሮ እዚህ ማታለል የለም ብለን መሟገት በቻልን ነበር። ማታለሉ ያለው በሁለት ቦታዎች መካከል ነው፤ አንሺው በቆመበትና ተመልካቹ «እዚህ ቆሜያለሁ» ብሎ በሚገምተው መካከል። የአደባባይ ሰልፍ ፎቶም ከዚሁ ይገባል። ከሰልፉ መሐል ሆኖ በዋይድ ሲነሳ የፊቶቹ አሥር ሰዎች ገዝፈው ከኋላቸው ያለው ሕዝብ ይሟሽሻል፤ ከሩቅ በ200 ሚሊሜትር ሲነሳ ሰዉ በሰው ላይ ተደራርቦ መርፌ መጣያ ያጣል። ሰልፉ ያው፣ ደቂቃውም ያው። ከዚያ አንዱ ወገን አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ፎቶ ይዞ በሐሰት ይካሰሳሉ። ሁለቱም ካሜራዎች የቆሙበትን በትክክል መዝግበዋል፤ የሰዉን ቁጥር ግን አንዱም አልቆጠረም፣ ሊቆጥርም አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣው ነው። ሰፊ ፍሬም የሚያስቀረው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ያስቀረ ደግሞ ትንሽ ያዳላል፤ ስለዚህ ዋይዱ ከጠባቡ ይልቅ ሐቀኛ ነው ይላል። የፈረንሳዩ የፊልም ሐያሲ አንድሬ ባዛን ለዚህ የሚቀርብ ሐሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣውን የኦርሰን ዌልስን «ሲቲዝን ኬን» ግሬግ ቶላንድ በሰፊ ሌንስ፣ አፐርቸሩን አጥብቦ፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ሩቁ ጥግ ጥርት አድርጎ ቀርጾታል። ባዛን በዚህ አቀራረጽ ውስጥ የተመልካችን ነጻነት አየ፤ ዳይሬክተሩ ትዕይንቱን እየቆራረጠ ከማጉረስ ይልቅ ሁሉን ባንድነት ካቀረበ፣ ዓይን የት እንደሚያርፍ ተመልካቹ ይወስናል። ሐሳቡ ቀላል አይደለም፤ በዚያው ፊልም ግን ሊፈተን ይችላል። እናት ልጇን ለሌላ ሰው አሳልፋ የምትሰጥበትን ወረቀት ፊት ለፊት ስትፈርም፣ ልጁ ከመስኮቱ ውጭ በበረዶ ላይ ሲጫወት ይታያል። ከሁለቱ አንዱም አልቀረም። ነገር ግን ወረቀቱ ያለበት ጠረጴዛ ግዙፍ፣ ልጁ ደግሞ በመስኮት ውስጥ ያለ ነጥብ የሆነው ካሜራው በወረቀቱ ወገን ስለቆመ ነው። ካሜራው በረዶው ላይ ልጁ አጠገብ ቢተከል ኖሮ ያው ስፋት፣ ያው ጥራት ሌላ ታሪክ ይነግረን ነበር። ጠባብ ሌንስ ያስወጣል፤ ሰፊ ሌንስ ግን ደረጃ ይሰጣል፣ ለቀረበው ሹመት ለራቀው ሽረት። በእኔ ግምት ሁለተኛው አድልዎ ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው። ጠባብ ፎቶ ያየ ሰው ከፍሬሙ ውጭ የቀረ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል። ሰፊውን ያየ ሰው ሁሉም ነገር እዚያው ስላለ መጠርጠሩን ይተዋል፤ ትልቁን ትልቅ ያደረገው የአንሺው እግር መሆኑም አይታሰበውም።

ይሁንና የባዛን ወገን የያዘው አንድ እውነት አለ፤ ሊካድም አይገባም። ከሩቅ በረጅም ሌንስ የተነሳ ፊት ከቤቱ፣ ከሥራው፣ ከጎረቤቱ ተነጥሎ በደበዘዘ ጀርባ ላይ ይቀራል። ሸማኔን ከአንድ ሜትር በ24 ሚሊሜትር ያነሳ ሰው ግን ሸማኔውን ከነመጠቅለያው፣ ከነጉድጓዱ፣ በደጅ ከምትገባው ብርሃን ጋር ይዞታል። ሸማኔውም የሚያነሳውን ሰው አይቶታል፤ ሊቆጣ፣ ሊስቅ፣ «ተው» ሊል ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ እንበል፤ ይህን ያስገኘው የዲግሪው ብዛት ሳይሆን ቅርበቱ ነው። ያንኑ 24 ሚሊሜትር ይዞ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው የሚያገኘው ብዙ ግድግዳና አንድ ቁንጫ የሚያክል ሸማኔ ነው።

ነገሩ ወደ ሃይማኖት ጥያቄ የሚያደርሰውም በዚህ በኩል ነው፤ ሁሉን ማየት ከጥንትም ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አልተሰጠምና። ካርዲናል ኒኮላስ ዘኩሳ እ.ኤ.አ. በ1453 በባቫሪያ ለሚገኘው ለቴገርንዜ ገዳም መነኮሳት ስለ እግዚአብሔር ማየት የጻፈውን ድርሰት ከአንድ ሥዕል ጋር ላከላቸው። ሥዕሉ ወዴትም ቢሄዱ ዓይኑ የሚከተል ፊት ነበር። መነኮሳቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አንዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየሄዱ እንዲያዩት ነገራቸው። እያንዳንዱ ዓይኑ እሱን ብቻ ሲከተል ያገኘዋል፤ በዚያችው ደቂቃ ባልንጀራውንም በተቃራኒው አቅጣጫ እንደሚከተል ግን ባልንጀራው ካልነገረው አያውቅም። ኒኮላስ ከዚህ ተነስቶ የሰው ዓይን በተወሰነ ማዕዘን እንደሚያይ፣ የእግዚአብሔር ዕይታ ማዕዘን ግን ልክ እንደሌለው ያስረዳል። የድርሰቱ ብርታት ይህን ወሰን የለሽነት እንደ ትልቅ ቁጥር አለማየቱ ላይ ነው። ከ84 ወደ 114፣ ከ114 ወደ 180 እየጨመሩ ወደዚያ አይደረስም። በሥዕሉ የተመሰለው ዓይን ሁሉን ሲያይ አንዱን መነኩሴ አላሳነሰም፤ እያንዳንዱ ብቻውን የታየ ያህል ሙሉ ሆኖ ታይቷል። የሰው ዕይታ የማይችለው ይህንን ነው። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ እንዲገባ እያንዳንዱ ያንሳል፤ አንዱ እንዲተልቅ ሌላው ይኮስሳል። ስለዚህ ዕይታን በማስፋት ወደ አምላካዊ ፍርድ እንቀርባለን ማለት የመጠን ሳይሆን የዓይነት ስሕተት ነው። ይህን ትዕቢት ብዬ ለመኮነን አልቸኩልም፤ ምኞቱ ከፍትሕ ፍላጎት ሊመነጭ ይችላል። ማንም እንዳይቀር የሚመኝ ሰው ግን ማን እንዳነሰ መቁጠር አለበት።

የእኛ ሠዓሊዎች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈተውታል። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳየውን የተለመደ ሥዕል እናስታውስ። ምኒልክ በጥላቸው ሥር፣ ጣይቱ በፈረሳቸው ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሁሉ በላይ በሰማይ፤ ወገን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት ደግሞ በጎኑ ባንድ ዓይኑ። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያሳይ ተራራም ሆነ ሌንስ የለም፤ ሥዕሉም አለ አይልም። መጠኑን የሚሰጠው ክብር ነው እንጂ ርቀት አይደለም፤ ሠዓሊው የቆመበት ቦታ የለውም፣ እንደ ቆመም ሆኖ አይናገርም። ተመልካቹም የእምነትና የመታሰቢያ ምስክርነት እንጂ የዓይን ምስክርነት እንዳልቀረበለት ያውቃል። ፎቶ ግን ቢወድም ባይወድም ሁልጊዜ «ካሜራው እዚህ ነበር» ይላል፤ ታማኝነቱም ከዚያ ይመነጫል። በሰፊ ሌንስ የተነሳን ፎቶ «ሙሉው እውነት ይኸውላችሁ» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ሁለት ክብር ባንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሠዓሊውን ምሉዕነትና የዓይን ምስክሩን ታማኝነት። ሁለቱ አብረው አይሰጡም። በ360 ዲግሪ የሚቀርጹ ካሜራዎች መጥተው የለም ወይ ለሚለኝ መልሱ አጭር ነው፤ ተመልካቹ በእነሱ ውስጥ እንደ ልቡ ይዞራል እንጂ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም፤ የታሰረው አንሺው ካሜራውን በተከለበት ነጥብ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ዕቃ አይበዛም ወይ? ገዢው ኪሱን ይቆጥራል፣ ሚዛኑን ይጠይቃል፣ አበቃ። ስፋት ርካሽ እንዳልሆነም እሱ ያውቀዋል። በዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ የሚገለበጥ መስታወት አለ፤ ከሌንስ ማሰሪያው እስከ ሴንሰሩ በካነን 44፣ በኒኮን 46.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ስለዚህ 14 ሚሊሜትር ሌንስ ምስሉን ከተፈጥሮው አርቆ እንዲጥል ብዙ ብርጭቆ ይደረደርበታል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው 14-24 ሚሊሜትር አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ የፊት ብርጭቆውም ስላበጠ ተራ ፊልተር አይታሰርበትም። ሴንሰሩ ትንሽ የሆነ ካሜራ ያለው ደግሞ ሚሊሜትሩን በኒኮን በ1.5፣ በካነን በ1.6 እያባዛ ማሰብ አለበት፤ ለእሱ 10 ሚሊሜትር እንደ 15 ወይም 16 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የካነን 10-18 ክብደቱ 240 ግራም ብቻ ነው፤ ግን ብርሃን አይጠግብም፤ ማረጋጊያው የአንሺውን እጅ ያጸናል እንጂ የሚወዛወዘውን መዘምር አያቆመውም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ሆኖም ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም የትኛውን እንግዛ የሚለውን አይመልስም፤ የሚመልሰው ርቀት ነው። አንድ ሜትር ከሰባ ቁመት ያለው ሰው በአግድም ፍሬም ከላይ እስከ ታች እንዲሞላ፣ በ16 ሚሊሜትር ዕይታ አንድ ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ በ24 አንድ ሜትር ከሰባ፤ በ35 ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ። ማኅሌት ላይ መቋሚያ ሲነሳና ጸናጽል ሲወዛወዝ አንድ ሜትር ማለት ሥርዓቱ ውስጥ መግባት ማለት ነው። ስለዚህ ከስፋቱ ጥያቄ በፊት «እዚያ መቆም ይገባኛል ወይ?» የሚለው ይቀድማል፤ ለዚህም የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ እንጂ የካሜራ ሻጩ መልስ የለውም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ወለል ላይ፣ ጀርባው የተፈለፈለውን የዐለት ግድግዳ ነክቶ ማፈግፈጊያ ያጣ አንሺ 10 ሚሊሜትሩን ቢያወጣ ቦታው ራሱ ፈርዶለታል። አብዛኛውን ጊዜ ሰዎችን ከሁለት ሜትር ተኩል ወይም ከሦስት ሜትር የሚያነሳ፣ ከዚያም መቅረብ የማይፈቀድለት ወይም ራሱ የማይፈቅድ ሰው ግን ዋይዱን ትቶ የካነንን ነጠላ 24 ሚሊሜትር ቢመለከት ይሻለዋል፤ በትንሹ ሴንሰር ላይ እንደ 38 ሚሊሜትር ያያል፣ 125 ግራም ይመዝናል፣ አፐርቸሩም እስከ 2.8 ስለሚከፈት በሻማ ብርሃን ከዙሙ ይልቅ ይረዳዋል።